ኮንሶ የደረሳት ልጅ

ሽታዬ አሜሪካ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ባለ የመኪና ማቆሚያ ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አገርሽ የት ነው ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «አርባ ምንጭ»። ውሸት ነው እንዳይባል አርባ ምንጭ ሁለት ዓመት ኖራለች። የተወለደችው ግን ኮንሶ ነው።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ልትሠራ ስትገባ፣ አባቷ የሸመነላትን ድርብ የኮንሶ ቀሚስ ለብሳ ነበር። የሰፈር ልጆች እየሳቁ ተከተሏት። እመቤቲቱም «ይሄን አውልቂው፣ እንግዳ ይመጣል» አሏት። አወለቀችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኮንሶ የሚል ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ በሰፈሩ አዳራሽ የብሔረሰቦች አልባሳት የቁንጅና ውድድር ተዘጋጀ። አሥራ ሁለት ልጃገረዶች ዕጣ አወጡ፤ እያንዳንዷ የደረሳትን ሕዝብ ልብስ ለብሳ፣ ስለ ባህሉ ትናገራለች። ከሽታዬ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ካልቨር ሲቲ የምትኖረው ቤተል ኮንሶ ደረሳት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተል ለልምምድ መጥታ ፓርክ አድርጋ ከመኪናዋ ወረደች። ከአገር ቤት በሰው ያስመጣችውን ቀሚስ ለብሳለች። ከላይ መደረብ የነበረበትን አጭሩን እጥፍ ወደ ውስጥ ከታዋለች። ሽታዬ የማቆሚያ ትኬቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ልጄ፣ እሱ እንደዚያ አይለበስም» አለችና በራሷ ደነገጠች።

«እንዴት ነው ታዲያ? ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ግልጽ አልነበረም።»

ወደ ትንሿ የትኬት ክፍል አስገብታት አጭሩን እጥፍ በረጅሙ ላይ አወረደችውና ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችላት።

«እትዬ ሽታዬ፣ አንቺ ግን እንዴት አወቅሽ?»

ሽታዬ ወደ ውጭ ተመለከተች። «አገሬ ነው» አለች ዝግ ብላ። «ስሜን ግን እንዳታነሺ።»

«ኦኬ፣ ፕሮሚስ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽታዬ ከሥራ ስትወጣ ተገናኙ። «እንደ ሞዴል አትራመጂ» ትላታለች። «ይሄ ቀሚስ ድንጋይ በድንጋይ የተካበ እርከን ለምትወጣ ሴት የተሠራ ነው። ጉልበትሽን አይዝሽም፤ እመኚውና ውጪ።» ማቆሚያው ባለ ፎቅ ስለሆነ በደረጃው ይለማመዱ ነበር። ቋንቋውንም ጥቂት አስተማረቻት። ሠላሳ አራት ዓመት ዝም ያሰኘችው ቋንቋ ሳይኮላተፍ ሲመጣላት፣ ሽታዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቤተልም አጠገቧ ተቀመጠች።

የውድድሩ ዕለት ሽታዬ ከባልንጀራዋ ከካሳነሽ ጋር አዳራሹ መሐል ተቀምጣለች። ቤተል ወጣች። ረጋ ብላ፣ ዳገት እንደለመደ ሰው ተራመደች። ስትጨርስ ከዳኞቹ አንዷ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አንዲት ሴት ናት። ስሟን እንዳልናገር ቃል ስለገባሁ አልናገርም። ግን እዚህ ካለች አመሰግናታለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። ቤተል ግን ሽታዬ ወዳለችበት አንዴም አላየችም። ሽታዬን ያስነሳት ይሄ ነው፤ ልጅቷ ሽልማት ፊት ቆማ እንኳ ቃሏን መጠበቋ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች ቆማ። «የኮንሶ ልጅ ነኝ።»

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ኋላ ያሉት «ምን አለች?» ተባባሉ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ።

ዘውዱን የወሰደችው የሐረሪ ልብስ የለበሰችው ነበረች። ቤተል ሦስተኛ ወጣች። «ዘውዱ ይገባታል፣ እኔም ደስ ብሎኛል» አለች ሽታዬን አቅፋ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በምስክርነት ሰዓት አንዱ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ሌላዋ ስለ ልጇ ምረቃ አመሰገኑ። ሽታዬ ማይኩን ተቀበለች።

«ጌታን ስለ ወረቀት አመስግኜዋለሁ፤ ስለ ሥራም አመስግኜዋለሁ። ስለ ተፈጠርኩበት አገር ግን አመስግኜው አላውቅም ነበር። ዛሬ ስለዚያ ነው የቆምኩት። ለዚህች ልጅ ኮንሶን ያወጣላት እሱ ነው።»

ሲወጡ ካሳነሽ ክንዷን ያዘቻት።

«ይሄን ሁሉ ዓመት በአርባ ምንጭ ዓሣ ስቀልድብሽ ዝም ትያለሽ?»

«ዓሣውንም እኮ እወደዋለሁ።»

«በይ አሁን በእናንተ ቋንቋ ደህና ዋልሽ እንዴት እንደሚባል ንገሪኝ።»

ሽታዬ ነገረቻት። ካሳነሽ አበላሸችው። መኪናው ጋ እስኪደርሱ ድረስ ሽታዬ አምስት ጊዜ ያህል ደጋገመችላት።