የጉልላት ቤት ልክ

«እማማ ወለተጻድቅ ይስጡኝ። ከዚህ ሰው እጅ አልቀበልም» አለ ጉልላት፣ የተዘረጋለትን ሲኒ ሳይነካ።

ጀላል ሲኒውን መልሶ አስቀመጠና ወደ ዳሱ ጥግ ሄዶ ቆመ። እዚያ ቅጠሉ ስለሳሳ ዝናቡ ትከሻው ላይ ይንጠባጠብበት ነበር።

«ወደ ውስጥ ግባ እንጂ አንተ!» አሉት ወለተጻድቅ፣ ቡናውን የሚቀዱት አሮጊት ጎረቤት።

«የቆርቆሮ ሠራተኛ ዝናብ ይፈራል እንዴ እማማ?» አለ። ከቆመበት ግን ንቅንቅ አላለም።

ዱሬቲ ከሐዘን ምንጣፏ ላይ ሆና ሁሉንም አየች። ባሏ ገሜዳ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ነሐሴ ከገባ ወዲህ ኮልፌ ላይ ፀሐይ አልታየም፤ ለቀስተኛው እግሩን ከጭቃው እየነቀለ ይመጣል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይቀመጣል።

በጉልላትና በጀላል መካከል ያለውን ነገር የማያውቅ ጎረቤት የለም። አምና ሐምሌ የጉልላት አንድ ልጅ ዱባለ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከጫካ መጥቶ አባቱ ቤት ተሸሸገ። በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ ጣሊያኖች ቤቱን ከበው ሦስቱንም ወሰዷቸው፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። ጀላል የጣሊያኖቹን ጦር ሰፈር ባልዲና በርሜል ይበይዳል፤ ቤቱን ከጉልላት ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። ጠቋሚው እሱ ነው ለማለት ለጉልላት ይህ በቃው። አንድ ዓመት ሙሉ የጀላልን ሰላምታ አልመለሰም፤ ሰፈሩም ቀስ በቀስ ከጉልላት ጋር ሆነ።

«ገሜዳ ቢኖር ‹ይህን ቡና ማነው ያሳረረው?› ይለን ነበር» አሉ ወለተጻድቅ ለሚቀጥለው ሰው እየቀዱ። «በመጨረሻ ዓመቱማ ልኩ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። ብቻዬን የምኖረው እኔም ሦስት እፍኝ፣ ስምንት ልጅ ያላትም ሦስት እፍኝ! ‹ኧረ ገሜዳ፣ ይህን ሁሉ ከማን ጋር ልጠጣው?› ብለው ‹ከመላእክት ጋር› አይለኝም!»

ሰው ሳቀ። ጉልላትም ፈገግ አለ።

«እርጅና ነው» አለ። «እንደ እሱ ያለ ጎረቤት ግን አላገኝም። ዱሬቲ፣ ልጅ የለኝም ብለሽ እንዳታስቢ። ከእንግዲህ ወንድምሽ እኔ ነኝ።»

ዱሬቲ አንገቷን ደፋች። እርጅና አልነበረም።

ገሜዳ ጥሬ ቡና ይሸጥ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሚዛን የለም፤ የሚሰፍረው በእጁ ነው። ደንበኛው ስንት እንደሚፈልግ መናገር አያስፈልገውም። ገሜዳ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን ቡናውን እንደሚያወፍር፣ ማን እንደሚያቀጥን ያውቃል። እንግዳ የመጣበት ቤት እንኳ ከጨመረው እፍኝ ይታወቀዋል። በዚህ ይኮራ ነበር፤ ሰውም ያደንቅለት ነበር።

አምና ሐምሌ አንድ ቀትር ላይ፣ ዝናብ ያባረረው አንድ ጣሊያናዊ መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር ሱቁ ገባ። ገሜዳ ቡና አቀረበላቸው። አስተርጓሚው ስለ ሰውየው ጭንቅላት ሰምቶ ኖሮ ለጌታው አጫወተው። መኮንኑም ለጨዋታ ያህል በበሩ በኩል ቤቶቹን በጣቱ እየጠቆመ ይፈትነው ጀመር።

ያኛው? «ስድስት ሰው።»

ያኛውስ? «አንዲት ባልቴት።»

ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውስ? «የጉልላት ነው። ከሚስቱ ጋር ሁለት ናቸው፤ ሰሞኑን ግን የአምስት ሰው ይወስዳሉ።»

መኮንኑ ሳቀ፤ ገሜዳም አብሮ ሳቀ። ዝናቡ ሲያባራ እንግዶቹ አመስግነው ሄዱ። ገሜዳ የተናገረው ነገር የገባው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከጉልላት ቤት በኩል ጩኸት ሲሰማ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁሉም ቤት ሦስት እፍኝ ሰፈረ። እሱ ራሱም ቡና ተወ። ዱሬቲ ስትጠይቀው «ሆዴን ያቃጥለኛል» ይላት ነበር። እውነቱን የነገራት ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

«ለጉልላት ንገሪው» አላት። «ዓመቱን ሙሉ ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ እነሳለሁ፤ ሲመጣ ቡናውን ሰፍሬ እሰደዋለሁ። ጀላል የእኔን ተሸክሟል።»

የሐዘኑን ሁለት ቀን ዱሬቲ ይህንኑ ስታወጣና ስታወርድ ቆየች። ብትናገር ይህ ዳስ ሙሉ ሰው ነገ ደጇን አይረግጥም፤ ወንድምሽ ነኝ ያላትም የለም። ብትተወው ደግሞ ያ ሰው ዳሱ ጥግ ላይ እንደቆመ ይኖራል።

በሦስተኛው ቀን፣ በሰልስቱ፣ ሰዉ በልቶ ተበተነ። ጀላል የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ ዳሱን ለማፍረስ ብቻውን ቅጠሉን ያወርድ ጀመር። ጉልላት ከዱሬቲ ጋር ቤት ውስጥ የመጨረሻ ሲኒውን ይዞ ተቀምጧል።

«ጋሼ ጉልላት።»

«ምነው ዱሬቲ?»

«ዱባለን ያስያዘው ጀላል አይደለም።»

ሲኒው አፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዱሬቲ ዝናቡን፣ መኮንኑን፣ አስተርጓሚውን፣ የሚጠቁመውን ጣት፣ የአምስት ሰው የሚለውን ቃል በየተራው ነገረችው። አላሳጠረችም። «ሳያውቅ ነው» ብላም አልጀመረች፤ ፍርዱን ለራሱ ተወችለት።

ጉልላት ሲኒውን ጭኑ ላይ አወረደ።

«‹ጨምርልኝ› ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «እናቱ ናት፤ ‹ብርድ ላይ ከርመው መጥተዋል፣ እስኪበቃቸው ይጠጡ› አለች። እኔ ነኝ ሄጄ ያመጣሁት።»

ዱሬቲ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«በየሳምንቱ ፊቱ እቆም ነበር እኮ። ለእኔ መናገር አቃተው?» አላት።

«አቃተው።»

«የቀብሩ ዕለት ቃሬዛውን ከፊት የያዝኩት እኔ ነኝ። ባውቅ እይዘው ነበር ወይ? አላውቅም። ዛሬ አትጠይቂኝ።»

«አልጠይቅዎትም።»

ቡናውን ሳይጨርስ አስቀምጦ ወጣ። ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሏት ነበር፤ ግን ግቢው መሐል ቆመ። ጀላል የዳሱን ረጅም አግዳሚ እንጨት አውርዶ አንዱን ጫፍ ትከሻው ላይ አድርጓል፤ ሌላው ጫፍ ጭቃው ውስጥ ይጎተታል። ጉልላት ጥቂት አየው። ከዚያ ጋቢውን ወደ ኋላ ጣለና ጎንበስ ብሎ ጭቃ የነካውን ጫፍ አነሳ።

ጀላል ሸክሙ ሲቀለው ዞረ። ማን እንደሆነ አየ። ጉልላት በዕድሜ ይበልጠዋልና ጀላል እርምጃውን አሳጠረ።

መንገዳቸው በደጃፉ በኩል ነበር። እዚያ ከጠፈጠፉ ሥር የተቀመጠው እንስራ እስከ አፉ ሞልቶ መተላለፊያውን አጥብቦታል። ዱሬቲ ከሦስት ቀን ምንጣፏ ተነሳች። እንስራውን በሁለት እጇ አቀፈችና፣ ውሃው ደረቷ ላይ እየተደፋ፣ ወደ ግድግዳው አስጠጋችላቸው።