ሁለተኛው ጥሪ

ገላኔ አዳማ ውስጥ፣ እናቷ በሞቱበት ቤት ሳሎን ተቀምጣ፣ ከባዶ የምትጽፈውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ትሰድባለች። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ፕሮቴክትድ ሞድ ወደሚባለው የአሠራር ሁኔታ ከገባ በኋላ፣ የሰዓት ቆጣሪው በጠራ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ መጻፍ አለበት። የምትጻፈው ግን የመጀመሪያዋ ብቻ ነች። ከዚያ ዝም። ስድስት ቀን ሙሉ ዝም!

«ምን አባህ ሆነህ ነው?» አለችው።

ማኑዋሉን እንደገና ገለጠች። የቆጣሪውን ጥሪ የሚያስተላልፈው ቺፕ፣ ጥሪው መስተናገዱ ካልተነገረው ሌላ ጥሪ አያሳልፍም። የእሷ ኮድ ደግሞ ነጥቧን ጽፎ፣ ምንም ሳይመልስለት ይወጣል።

«አቤት ሳይል ማለት ነው» ብላ ሳቀች።

«ማን እንደጠራሽ ሳታውቂ አቤት እንዳትይ፤ ሰይጣንም ስም ይጠራል» ብለው ያሳደጓት እናቷ ወይዘሮ ውዴ ነበሩ። አምና በጠራራ ፀሐይ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ሳለች፣ እናቷ ታመው ከተኙበት መኝታ ቤት አንድ የሰለለ ድምፅ «ገላኔ» አለ። ድምፁን አላወቀችውም፤ ዝም አለች። ሁለተኛ አልተጠራችም። ምሳ ይዛ ስትገባ እናቷ ቀዝቅዘው ነበር።

አሁን የጎደለችውን የኮድ መስመር ጨምራ ኮምፒውተሩን አስነሳችው። ነጥቦቹ ስክሪኑን እየሞሉ ወረዱ። ደስ አላላትም። ወደተዘጋው መኝታ ቤት ዞር ብላ፣ በቀስታ፣ «አቤት፣ እማዬ» አለች።

«ገላኔ» አለ ያ የሰለለ ድምፅ ከውስጥ። ቀጠለም፣ ልክ እንደ ነጥቦቹ፣ ሳያቋርጥ፦ ገላኔ፣ ገላኔ፣ ገላኔ።