ጠመኔውና መቀሱ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ትንሿ ጭኔ ላይ ትቀመጥ። ስለ መቀሴ ላውጋችሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ቆራጭ ነበርኩ። ጨርቁ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደራርቦ ይነጠፋል፤ በጠመኔ አሰምርና እቆርጣለሁ። ሰፊ ብትሳሳት ትተረትረዋለች። ቆራጭ ከተሳሳተች ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አለቆቻችን ሁለት ነበሩ። ትልቁን ማስመሪያ እንለው ነበር። ዓመት ሲጀምር ዕቅዱን ግድግዳ ላይ ከለጠፈ ሰማይ ቢደፋ አይቀይረውም። አንዴ ደንበኛ ልኩ ይጠባል ብሎ ቢለምነው፣ ዕቅዱ ላይ የለም አለና ሦስት መቶ ሱሪ ተመልሶ መጣልን። ትንሿ የእህቱ ልጅ ናት፤ ተምራ የመጣች። እሷን ንፋሴ አልናት። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳ ፊት አቁማን በባለቀለም ወረቀት ሥራውን ታዘዋውራለች። እውነት ለመናገር ሰው ትሰማለች። ግን ጠዋት ያዘዘችውን ከሰዓት ታፈርሰዋለች፤ ሥራችን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

ታዲያ አንድ ቀን አራት መቶ የነርሶች ልብስ ታዘዘ። ጨርቁን የላከው ሆስፒታሉ ራሱ ነው፤ ልክክ ያለ፣ ትርፍ የሌለው። ማስመሪያ በአምናው ልክ ቁረጪ አለ። ንፋሴ ደግሞ ዝም ብለሽ ጀምሪ፣ ስንሰፋ እናስተካክለዋለን አለች። የማይስማሙት ሁለቱ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ አሁኑኑ እንድቆርጥ።

ሰው ላይ ሳይለካ አልቆርጥም አልኩ። መቀሴን ሽርጤ ኪስ ከተትኩት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጠረጴዛው የአባትሽ ነው?" አለ ማስመሪያ።

"የአባቴስ አይደለም፣ ጋሼ። ሲበላሽ ግን የእኔ ነው የሚባለው።"

ሰፊዎቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑት። እሱ አልሳቀም፤ እስከ ነገ አሥር ሰዓት ካልቆረጠች ትሰናበታለች የሚል ደብዳቤ አጻፈብኝ። ያኔ አያታችሁ ሞቷል፤ እናታችሁና አጎታችሁ ገና ተማሪዎች ናቸው። ከዚያች ጠረጴዛ ሌላ መግቢያ አልነበረኝም። ደብዳቤውን ግን አልፈረምኩም፤ አጥፌ ከመቀሴ ጋር ከተትኩት።

በአምናው ልክ አንድ ልብስ ከአቡጀዲ ሰፋሁ። አቡጀዲ ርካሽ ነው፤ ቢበላሽ አይቆጭም። በነጋታው ንፋሴን አንድ ነርስ አምጪልኝ፣ ልጄ፣ አልኳት። ይህቺ ልጅ እንዳልኳችሁ ትሰማለች፤ ሄዳ አመጣችልኝ።

ነርሷ ደልደል ያለች ሴት ናት። ለበሰችው። ሥራ ላይ የምትሠሪውን ሥሪ አልኳት። ግሉኮስ እንደምትሰቅል ክንዷን ከፍ ስታደርግ ብብቱ ተተረተረ።

"አምናም እንዲሁ ነበር፣ እትዬ" አለች። "ዓመቱን ሙሉ በመርፌ ቁልፍ አያይዘን ነው የሠራነው። ማን ጠይቆን?"

ማስመሪያ ቀረብ ብሎ የተተረተረውን ብብት በጣቱ ዳሰሰው።

ከዚያማ አፈረስን፣ ሰፋን፣ ነርሷን ሦስቴ አለበስናት። ብብቱ ሥር ትንሽ ባለአራት ማዕዘን ቁራጭ ያስፈልገዋል፤ ስንቆርጥ በመሃል ከሚጣለው ቁርጥራጭ ይወጣል። ለቁራጩ ልክ የሚሆን ወረቀት ሳጣ ያንን ደብዳቤ አወጣሁና ከሱ ላይ ቆረጥኩት። አራት መቶውንም አሰመርኩ።

መቀሱን ሳነሳ ንፋሴ ሮዝ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ኪሱን ወደ ግራ ብናዞረውስ አለች።

"ገና ጠመኔ ነውና ይቻላል፤ ነርሷን ጠይቂያት" አልኳት። ነርሷ በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው፣ እዚያው ይሁን አለች። "በቃ። አሁን መቀሱ ሲገባ አንቺም፣ አጎትሽም፣ እኔም ልኩን አንነካውም። እርስዎም ጋሼ፣ ዕቅድዎን አልጠላሁም። ሳይለካ አይለጠፍ ነው ያልኩት።"

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ማስመሪያ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። ኮቱን አወለቀና ጨርቁ እንዳይሸሽ በዚያኛው ጫፍ ያዘልኝ። ቆረጥኩ።

ከወር በኋላ የቢሮ ሰዎች ያልተፈረመውን ደብዳቤ ለፋይል መልሺ አሉኝ። ሥራ ላይ ነው አልኳቸው። ጡረታ እስክወጣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የብብት ልክ ሆኖ አገለገለ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንዱ አትነካኩት፣ ሌላው ዝም ብላችሁ ጀምሩ ብሎ ሲያጣድፋችሁ፣ እባካችሁ ያቺን ነርስ ክንዷን ስታነሳ አስቧት።