መርዶ በስልክ አይነገርም

ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ፓሳዴና በምሠራበት ቢሮ ስሜ ሳራ ነበር። ሰርካዲስ ብሎ ለመጥራት የሚበቃ ትዕግሥት ያለው ደንበኛ የለም ብላ አለቃዬ ሊንዳ በገባሁ ቀን አሳጠረችው። ሥራችን ኮምፒዩተር ሲገዙ ተጨማሪ ዋስትና የገቡ ሰዎችን በስልክ ማስተናገድ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስቀመጥ የአሜሪካ ቆላና ደጋ በየተራ ይገባልኛል። አንዱ ከቴክሳስ ይቆጣል፣ አንዷ ከሜን ታለቅሳለች፤ አንዳንዱማ ዝም ያለበት ማሽኑ ሳይሆን ቤቱ ነው። በመስኮቱ በኩል የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ ቀስ እያለ ይረግፋል። ከምሳ በኋላ ነቅቼ ልሥራ ተኝቼ ልሥራ እኔም አላውቅም ነበር።

በፈረንጆቹ 1989፣ ሜይ ወር ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ብራያን የዋስትና ካርድ ይዞ ይንከተከታል።

"ሳራ፣ ይሄን እዪልኝ! ሰውየው በ1980 ገዛሁት ይላል። ያኔ እኮ ይሄ ኮምፒዩተር ገና አልተሠራም።"

ተቀበልኩት። ስም፣ ወንድይፍራው አድማሱ። አድራሻ፣ ፌርፋክስ አቬኑ። የተገዛበት ቀን፣ 5/2/80። እኔም ሳቅሁ፣ ግን በሌላ ምክንያት። ጥቅምት አምስት ቀን ሰማንያ ዓመተ ምሕረት! ሰውየው አልዋሸም፤ በኛው አቆጣጠር ጽፎት ነው። በእነሱ ግን ዋስትናው ከብዙ ዓመት በፊት አብቅቷል፤ አጭበርባሪ ተብሎም ፋይሉ ሊዘጋ ነው።

ካርዱን ይዤ ሊንዳ ዘንድ ገባሁ። የኛ ዘመን ከእነሱ በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሆኑን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ያለን መሆኑን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አየችኝ።

"አሁንም 1981 የሆነበት አገር አለ ነው የምትዪኝ?"

"አዎ።"

"ምነው እዚያ በኖርኩ! ያኔ ገና አልተፋታሁም።" ትንሽ ቆየችና ኦክቶበር 16፣ 1987 ብላ በእጇ አረመችው። ሌላም ነገር ጻፈችበት፤ ምን እንደሆነ አላየሁም። የሦስት ዓመቱ ዋስትና ነፍስ ዘራ፤ እኔም ጦርነት ያሸነፍኩ ያህል ኮራሁ።

ወዲያው ደወልኩለት። በሥራ ስልክ ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገር ክልክል ነው፤ ድምፁን ስሰማ ግን ሕጉን ረሳሁት።

"ጋሼ ወንድይፍራው፣ ከኮምፒዩተሩ ድርጅት ነው፤ ሰርካዲስ እባላለሁ።"

"አበሻ ነሽ? እሰይ! በይ ስሚኝ ልጄ።"

ሰማሁት። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት የብረት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሠርቷል። አሁን ዊልሸር መንገድ ላይ የመኪና ፓርኪንግ ይጠብቃል። ኮምፒዩተሩን ያመጣው ቀን ቁልፉን ሁሉ ቢነካካው ሀን አያውቅም። "ስለዚህ ነጥብ በነጥብ አስተማርኩት" አለኝ። እያንዳንዱ ፊደል ቁመቱ አሥራ ስድስት ነጥብ፣ ወርዱ አሥራ ስድስት። ከፓርኪንግ ሲመለስ አንድ ፊደል፣ በበዓል ቀን ሁለት። ከሀ ተነሥቶ እስከ ፐ፣ ሰባቱንም ረድፍ ጨርሷል። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ የሚኮሳተር ፊደል አለ፣ የሚስቅ ፊደል አለ፣ ጨ ራሷን ከፍ አድርጋ ነው የምትሄደው አለኝ። እየሰማሁት ቢሮው ራቀኝ። አረንጓዴ ነጥቦች በጥቁሩ መስታወት ላይ አንድ በአንድ ሲበሩ አየሁ።

"አሁን ሃርድ ዲስኩ አልነሣ አለ። ዓይኔ ደግሞ ግላኮማ ነው ይሉኛል። ግራው ሄዷል፣ ቀኙም መንገድ ላይ ነው። ደግሜ ልሣላቸው ብል አልችልም። ፊደሎቼ ይመለሳሉ አይደል?"

"ፍሎፒ ላይ አልቀዷቸውም?"

"ለምን ብዬ? ዋስትና ገብቼ የለም እንዴ? ዋስ ያለው ሰው ምን ያስፈራዋል?"

ዋስትናው በደቃቁ ጽሑፍ ምን እንደሚል በቃሌ ነው የማውቀው። ድርጅቱ ዲስኩን በአዲስ ይተካል፤ በላዩ ላለው ግን አይጠየቅም። አሮጌው ተወስዶ ይፈጫል። ብራያን ደግሞ ሎንግ ቢች ውስጥ የሞተ ዲስክ ከፍቶ ያለበትን የሚያወጣ ሰው እንዳለ ነግሮኛል፤ ሌላ ሰው ካልነካካው። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ነው፦ ጋሼ፣ ዲስኩን እንዳይሰጡ።

ምላሴ እምቢ አለ። እኛ እንዲህ ነን። የወንድሜን ሞት ሎስ አንጀለስ ያለው አበሻ ሁሉ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያውቅ ነበር፤ እኔ የሰማሁት እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰባት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጄ ሲቆም ነው። እኔ ራሴ የጓደኛዬን የየምሥራችን እናት ሞት ሦስት ሳምንት ደብቄ ከእሷ ጋር በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። አጠገቡ ተቀምጠው፣ ክንዱን ይዘው ነው። ዕቃው እስኪወሰድ ደግሞ ሁልጊዜ አሥር ቀን ይፈጃል።

"አይዞዎት ጋሼ፣ ሁሉም ደህና ይሆናል" አልኩት። "እሑድ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ።"

"ተባረኪ!" ብሎ ዘጋ።

እነዚያን ቀናት እንደ ሕልም ነው የማስታውሳቸው። ወደ ዌስት አዳምስ፣ ወደ ቤቴ ድራይቭ ሳደርግ የፊቴ መኪኖች መብራት እየተገጣጠመ ለ ይሆናል፣ ተበትኖ መ ይሆናል። ደንበኛ ሲያማርርብኝ ቃሉ ይቀርና ከድምፁ ፊደል ሲሣል አያለሁ። እሑድ የምናገረውን ሃያ ጊዜ ተለማመድኩ። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ መርዶውን ነግሬ ወዲያው ሎንግ ቢች ይዤው ስሄድ ይታየኝ ነበር።

እሑድ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ፌርፋክስ ላይ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ነው የሚኖረው። በሩን ከፍቶ በሁለት እጁ ፊቴን ዳበሰ።

"ሰርካዲስ! እንዴት ያለሽ ጎበዝ ነሽ! አርብ መጥተው እኮ አድሰውት ሄዱ። አስቸኳይ የሚል ተጽፎበታል አሉኝ።"

ሊንዳ! ካርዱ ላይ የጻፈችው ያ ነበር። ስለዚያ 1981 ደስ ብሏት የዋለችልኝ ውለታ።

"አሮጌውን ዲስክስ?" አልኩ።

"ይዘውት ሄዱ። እኔ ገና አልከፈትኩትም፤ ያዳነችው ልጅ መጥታ አብረን እንክፈተው ብዬ ጠበቅሁሽ።" ወንበር ሳበልኝ።

አልተቀመጥኩም። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። "ጋሼ፣ ባዶ ነው" አልኩት። "አዲሱ ዲስክ ባዶ ነው። የእርስዎ ፊደሎች አሮጌው ላይ ቀርተዋል፣ እሱም አይመለስም።"

ከታች አውቶቡስ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ማክሰኞ።"

"ስንነጋገር?"

"አዎ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ…"

"ልጄ" አለኝ፤ አልጮኸም፣ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። "መርዶ እኮ ለሞተ ነው። ማክሰኞ ዕለት አልሞቱም ነበር።"

ተቀምጬ አለቀስኩ። አላባበለኝም። እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ በደከመው ዓይኑ መንገዱን ሲያይ ቆየ። ደመናው ተገፎ ፀሐይ ወለሉ ላይ ደረሰች። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ወንበሬን በእግሩ ወደ ማሽኑ ገፋው።

"ክፈቺው" አለ። "የመሣያው ፕሮግራም ያለበት ፍሎፒ መሳቢያው ውስጥ አለ።"

ከፈትኩት፤ ጫንኩት። ባዶው ጥቁር መስታወት በራ። ዓይኖቹን ጨፈነ።

"ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛው ነጥብ። ከሱ ቁልቁል ስምንት ውረጂ።" ጣቶቹ አየር ላይ ይለቅማሉ። "አሁን ወደ ቀኝ ዙሪ፣ አንድ ዝቅ፣ ሁለት ወደ ጎን።" አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። እኔ እየተከተልኩ ነጥብ አበራለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን።

"ሀ ናት" አለ። "ምን ትመስላለች?"

አየኋት። ሀ መሆኗስ ሀ ናት፤ የእኔ እጅ ግን አጣምሟታል። ደህና ናት ልል አፌን ከፈትኩ። እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ ይጠብቃል፤ ቢገልጠውም ነጥቦቹን አይለይም፣ ብዋሸው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

"ወደ ግራ አጋድላለች" አልኩ።

"በስንት ነጥብ?"

"በሁለት።"

"አጥፊያትና እንደገና ጀምሪ።"

አጠፋኋት።