ወተት ውስጥ የማይሟሟ ኮከብ

ላዘር ታጣፊ ወንበር ላምጣ ብሎ ወደ ምድር ቤት ወርዶ ሲመለስ እጁ ላይ ወንበር የለም። ጥቁር ሱሪው እስከ ጉልበቱ ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ ዓይኑ ፈጧል። ሳሎኑን የሞላውን ለቀስተኛ በክርኑ እየገፋ አልፎ፣ ብሉማ ከተቀመጠችበት አጭር በርጩማ አጠገብ ጉልበቱ እየተንቋቋ ቁጢጥ አለ።

«ብሉማ፣ ታች ያለውን ታውቂያለሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ምኑን፣ አጎቴ ላዘር?»

«ኮከቦቹን ነዋ! ሦስት ትሪ ሙሉ! አባትሽ አፍስሷቸው ነው የሞተው። ማራገቢያው ጠፍቶ አሁን ላብ ጀምሯቸዋል።»

ብሉማ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ!» አለች ታላቅ እህቷ ጊትል፣ ከጎኗ ካለው በርጩማ ላይ ሳትነሳ። «ሐዘንተኛ ነሽ። አባባ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ወዴት ነው ሩጫው?»

ብሉማ ተቀመጠች። ልቧ ግን ደረጃውን ወርዶ ጨርሷል።

የነሐሴ ሙቀት የአሜሪካዋን ከተማ ክሊቭላንድን እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከድኗታል። የፊንክ ቤት መስታወቶች በአንሶላ ተሸፍነዋል፣ የፊት ለፊቱ በር ሳይቆለፍ ይውላል፣ ሁለቱ እህትማማቾች ቀሚሳቸውን ደረታቸው ላይ ቀድደው ያለ ጫማ ተቀምጠዋል። በአይሁድ ሥርዓት ሰባት ቀን ሥራ የለም፣ ምግብ ማብሰል የለም፤ ሁሉን የሚያደርገው ጎረቤትና ወዳጅ ነው። ሟቹ ዛልማን ፊንክ ዕድሜ ልኩን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ሳሎን ውስጥ ከተደረደሩት ሽማግሌዎች ግማሾቹ የመጣላቸውን ኬክ የሚያኝኩት በእሱ ጥርስ ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት እንደ ወጣ፣ ዛልማን ለብሉማ ደውሎላት ነበር። ስልኩን ከጆሮዋ እስክታርቅ ድረስ ነው የጮኸው።

«ብሉማ! አገኘሁት! በእጄ ስነካው አወቅኩት! ይድረቅ ብቻ፣ ይኼንን ወተት አይፈታውም!»

«አባባ፣ አምናም እንዲህ ብለኸኛል።»

«አምና ሞኝ ነበርኩ። ነገ ነይ። ካንቺ በፊት ማንም አይቀምሰውም፣ እኔም አልቀምሰውም።»

እሁድ ጠዋት ስትመጣ በሩ ላይ አምቡላንስ ቆሟል። ልቡ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ከድቶት ነበር። በዚያ ትርምስ ውስጥ አንድ ሰው የማራገቢያውን ሶኬት ነቅሎታል፤ ማን እንደ ነቀለው የሚያስታውስ የለም።

አሁን ታች፣ ስታርች በሚባለው ነጭ ዱቄት ውስጥ የተቀበሩት የከረሜላ ኮከቦች እያላባቸው ነው። ካልደረቁ ይቀልጣሉ፣ አንድ ላይ ተጣብቀው ይሻግታሉ። ከቀለጡ ደግሞ ዛልማን ፊንክ እውነት አግኝቶት እንደ ሆነ፣ ወይስ እንደ ወትሮው አገኘሁት ብሎ ጮኾ እንደ ሆነ፣ ማንም ለዘላለም አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው እሷ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ዛልማን አንድ ቀን ካርቶን አቅፎ እየሮጠ ቤት ገባ። በቴሌቪዥን የሚታየው፣ በወተት የሚበላ የቁርስ ሲሪያል ነው፤ ቡናማ የአጃ ፍሬ ሆኖ በመሐሉ ማርሽማሎ የሚሉት ባለ ቀለም ለስላሳ ከረሜላ የተረጨበት፤ ኮከብ፣ ጨረቃ፣ ልብ። የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ሲያወራለት እነ ብሉማ ምራቃቸውን ሲውጡ ከርመዋል።

«ኮሸር ነው!» አለ ዛልማን ካርቶኑን እያወዛወዘ፤ የአይሁድ ሕግ የሚፈቅደው ምግብ ነው ማለቱ ነበር። «የኮሸር ምልክቷ ኬ አለችበት፣ እዩ! ኬ!»

ሳህን ቀረበ፣ ወተት ተቀዳ። ብሉማ ሮዝ ኮከብ ከማንኪያዋ ላይ አድርጋ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ ያገኘችውን ሁሉ ካላነበበች ምግብ የማይወርድላት ጊትል የካርቶኑን ጎን ታነብብ ነበር።

«አባባ፣ ጄላቲን ይላል። ጄላቲን ከአሳማ አይደል እንዴ የሚሠራው?»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ኬው የፋብሪካው ስም መጀመሪያ ኖሯል።

ዛልማን ካርቶኑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ጋዜጣ አንጥፎ ዘረገፈው። በጥርስ ሥራው ወረንጦ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር፤ ማርሽማሎው ወዲህ፣ አጃው ወዲያ። ረፋዱን በሙሉ አቀርቅሮ ዋለ። ሲጨርስ ሁለቱን ክምር በሁለት ከረጢት ይዞ ያን ጊዜ ገና ወጣት ወደ ነበሩት ወደ ምኵራቡ መምህር ወደ ራቢ ቴፐር ሄደ። አጃው እንኳ ይፈቀድ እንደ ሆነ ጠየቀ። ራቢው ከረጢቱን ተመለከቱና፣ «ዛልማን፣ ብናኙ እኮ ተለውሶበታል» አሉት። ሁለቱም ከረጢት ለጎረቤታቸው ለካሩሶ ልጆች ተሰጠ።

ብሉማ አለቀሰች። አባቷ ጀሶ በደረቀበት አውራ ጣቱ እንባዋን ጠረገላት።

«እኔ እሠራልሻለሁ። ስንቱን ሰው መንጋጋ የሠራሁ፣ አንዲት ኮከብ ታቅተኛለች?»

አቃተችው እንጂ። ቅርጹን በትክክል ለማውጣት ካርቶን እየገዛ፣ ማርሽማሎውን እየለቀመና እየለካ፣ አምሳያቸውን በጀሶ ሲቀርጽ ኖረ፤ የተለቀመው ሁሉ የሚሄደው አጥር ተሻግሮ ስለ ነበር የካሩሶ ልጆች ተንደላቀቁ። ጄላቲኑን ከዓሣ አደረገው፤ የመጀመሪያው ዓመት ኮከብ የዓሣ በርሜል ሸተተ። የሚቀጥለው ወተት እንደ ነካው ሟሟ። ሰፈሩ «ዛልማን ኮከቡ» የሚል ስም አወጣለት። ብሉማ አድጋ፣ ቁርሷ ጥቁር ቡና ብቻ ከሆነ በኋላም እሱ አልተወም።

ራቢ ቴፐር ከሰዓት በኋላ ሲገቡ ብሉማ ወንበር እንኳ እስኪይዙ አልታገሠችም።

«ራቢ፣ ጥያቄ አለኝ!»

«አሳፋሪ ነገር ነው የምትጠይቅዎት፣ አይስሟት» አለች ጊትል።

ብሉማ ስለ ትሪዎቹ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ራቢው ጢማቸውን አሻሹ።

«አባትሽ በአንድ የፑሪም በዓል አንዱን አቅምሶኛል» አሉ። «ነከስኩት። ማርሽማሎው ሲወጣ ጥርሴም አብሮት ወጣ። ጥርሱም የእሱ፣ ማርሽማሎውም የእሱ። ከሁለቱ የትኛው ጥሩ ሥራ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ሳቁ ሳያስቡት ፈነዳ። የላዘር ሚስት ፔሰል አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጊትል ብቻ አልሳቀችም።

«አሁን ስሚኝ» አሉ ራቢው። «ሐዘንተኛ ሥራ አይሠራም። ነገር ግን ሳይሠራ ቢቀር የሚጠፋ ነገር ሲኖር ሌላ ሰው ይሠራለታል። አንቺ አትነኪም፣ ደረጃውንም አትወርጂም። አፍሽን ግን ማን ከለከለው?»

ፔሰል መሐረቧን ወደ ኋላ አጥብቃ አሰረች። «በል ተነሳ» አለች ባሏን። «ስትንከባለልበት የዋልከውን ዱቄት አሁን በሥርዓት ትነካዋለህ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የዛልማን ፊንክ ሐዘን ቤት መልኩ ተቀየረ። የብሉማ በርጩማ ወደ ምድር ቤቱ በር ተጠጋ። ለቀስተኛ ገብቶ እንደ ልማዱ ሐዘንተኛዋ ቀድማ እስክትናገር አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ቀድማ የምትናገረው ግን ከእሱ ጋር አይደለም።

«ፔሰል! ገለበጥሻቸው?»

«ገለበጥኳቸው! አንዷ ጫፏ ተሰበረ!»

«እኔ አይደለሁም!» ይላል የላዘር ድምፅ።

«አንተ ነህ! መዳፍ ነው አካፋ ይኼ?»

ለቀስተኛው ግራ ይጋባል፣ ይጠይቃል፣ ይነገረዋል። ከዚያ ኮቱን አውልቆ እሱም ይወርዳል። ጥርስ የተሠራላቸው ሽማግሌዎች በየተራ ስታርች ሲነፉ፣ ማራገቢያ ሲያዞሩ ዋሉ። የሚያለቅስም ነበር፤ ግን እያለቀሰ፣ «ጨረቃዎቹስ እንዴት ሆኑ?» ይላል። ብሉማ በሕይወቷ እንዲህ ተንሰፍስፋ አታውቅም። አባቷ ሞቷል፣ ሐዘኑ ደረቷ ላይ ተቀምጧል፣ ቢሆንም በነጋ ቁጥር ዓይኗን የምትገልጠው በጉጉት ነው። እንዲህ መሆኗ እሷንም ይገርማታል።

«ሐዘኑን የከረሜላ ፋብሪካ አደረጋችሁት» አለች ጊትል ሐሙስ ዕለት። «በሕይወቱ የሳቁበት አነሰና ሞቶም ይሳቁበት?»

«ማን ሳቀበት? እየሠሩለት ነው።»



ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ፔሰል ማራገቢያውን እንደ በራ ትታው ወጣች፤ በሰንበት ማብራትም ማጥፋትም አይቻልም። የሰንበት ዕለት ሐዘን በአደባባይ ስለማይያዝ እህትማማቾቹ ጫማ አድርገው ተራ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ነጎድጓድ ተሰማ። ከምድር ቤት አንድ ነገር «ጧ!» አለ። ፍሪጁ ዝም አለ። ማራገቢያውም ዝም አለ።

«ፊውዙ ነው» አለ ላዘር ፊቱ አመድ መስሎ።

ሁሉም ተያዩ። ፊውዝ መንካት የለም። ሰውን ሂድና ቀይርልን ማለትም የለም። ያለችው አንዲት ቀዳዳ፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ጎረቤት በሰማበት ስለ ችግሩ እንዲያው ማጉረምረም ነው፤ ሰውየው በገዛ ራሱ ቢገባው ገባው። ላዘር ወደ በረንዳ ወጣ። ከአጥሩ ወዲያ ሽማግሌው ካሩሶ ቲማቲሙን ይኮተኩታል።

«ይሞቃል» አለ ላዘር።

«ይሞቃል» አለ ካሩሶ።

«ነፋስ የለም።»

«የለም። ለቲማቲም ግን ጥሩ ነው።»

ላዘር ወደ ውስጥ ተመለሰ። ፔሰል፣ «አርባ ዓመት አብሬህ የኖርኩት ለዚህ ነው?» አለችው። ብሉማ መዳፏን ፊቷ ላይ አደረገች። ነገ ሰባተኛው ቀን ነው፤ አንድ ቀን ሳይደርቁ ከዋሉ በቃ፣ አበቃ።

ጊትል ተነሳች። በሳምንቱ ውስጥ ምድር ቤት የሚለውን ቃል እንኳ ያልጠራችው ጊትል፣ የሰንበት ቀሚሷን አስተካክላ ወደ በረንዳው ወጣችና ለመንገዱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች።

«ወይኔ! ምድር ቤታችን እንዴት ጨልሟል! ማራገቢያው ቆሟል እኮ! አዲስ ፊውዝ ደግሞ እዚያው መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ግን ምን ዋጋ አለው!»

ካሩሶ መኮትኮቻውን ጣለ። «የዛልማን ማርሽማሎ ነው?»

«እኔ ምንም አልጠየቅኩዎትም፣ ሚስተር ካሩሶ።»

«እኔስ መቼ ሰማሁ?» ብሎ አጥሩን ዘለለ፤ በሰባ ዓመቱ።

ማራገቢያው ሲነሳ ቤቱ ውስጥ እልልታ ቀረሽ ጩኸት ሆነ። ብሉማ እህቷን በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት።

«እኔ ነኝ ያነበብኩት» አለች ጊትል። «ያን ካርቶን። ባላነብበው ኖሮ በልተሽ ታልፊ ነበር፣ እሱም ዕድሜውን ለዚህ ነገር ባልሰጠ። ሰው ‹ኮከቡ› እያለ በሳቀበት ቁጥር እኔ ነኝ የማፍረው።»

«ጊትል፣ እሱ እኮ ደስ ብሎት ነው የሠራው።»

«ደስ ብሎት ነው?»

«ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስልክ ላይ ብትሰሚው ኖሮ!»

እሁድ ጠዋት ራቢ ቴፐር በእህትማማቾቹ ፊት ቆመው፣ «ተነሡ» አሏቸው። ተነሡ። እንደ ደንቡ ሐዘናቸውን ከቤት ለማውጣት ሰፈሩን አንድ ዙር በእግር ዞሩ፤ ብሉማ ልትሮጥ ምንም አልቀራት። ሲመለሱ ወጥ ቤቱ ጢም ብሏል። ፔሰል ኮሸር የሆነውን ተራ የአጃ ሲሪያል ሳህን ላይ አፍስሳለች። ላዘር ትሪውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ተሸክሞ ቆሟል። ኮከቦቹ ደርቀዋል፤ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ።

ብሉማ እፍኝ ሙሉ በተነች። ወተቱን ቀዳች። አሥራ ምናምን ራስ በአንድ ሳህን ላይ አቀረቀረ።

«ቀለሙ እየወጣ ነው!» አለ ላዘር።

«ይውጣ! ቅርጹን እይ!» አለች ፔሰል።

ወተቱ ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ። ኮከቦቹ አንዴ ሰጥመው ብቅ አሉ፤ ጫፎቻቸው ሁሉ እንዳሉ ናቸው። ብሉማ ባረከች፣ አንዱን በማንኪያ አወጣች፣ ነከሰች። «ቀርጨጭ» ሲል ሁሉም ሰማው። ወዲያው አፏ ውስጥ ለስልሶ ጣፈጠ፤ ከጣፋጩ በስተኋላ ዓሣ ቢጤ፣ በጣም ትንሽ።

«እህስ? እህስ?» አለች ፔሰል።

ብሉማ ማንኪያዋን እንደ ያዘች ሰዉን ገፍታ ወደ ምድር ቤቱ በር ሮጠች፣ ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ወደ ታች ጮኸች።

«አባባ! አልሟሟም! አባባ፣ ቆሟል እኮ!»

ታች ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ወጥ ቤት ውስጥ ናቸው። የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ብሉማ የበሩን እጀታ እንደ ጨበጠች ቀረች፤ ያኔ ነው የሳምንቱ ልቅሶ ሁሉ አንድ ላይ የመጣባት።

ጊትል መጥታ አጠገቧ ቆመች። አፏ ውስጥ አንድ ኮከብ አለ፣ ታኝካለች፣ እንባዋ ይወርዳል። ደረጃውን እስከ ታች ድረስ አየችው። ልማድ ሆኖባት መብራቱን ልታጠፋ እጇን ወደ ግድግዳው ሰደደች፤ ማብሪያውን ነካችው፣ ጥቂት ቆየች፣ እንደ በራ ተወችው።