የዓሣው ልክ

«አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ይህ የያዝኩት ሻይ አንቆ ይድፋኝ!» አለ ሬዲዮ፣ ብርጭቆውን ወደ ጣሪያው አንስቶ። «በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ከፊታችን ነዳጅ የጫነ ቦቴ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ከቦቴው አጠገብ ሰው ጢም ብሎ የሞላበት አውቶቡስ። ፍሬኑ ደግሞ እምቢ አለ! ብረግጠው፣ ብረግጠው፣ አለት። ይኼኔ ስልሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀበቶውን በጥርሱ በጥሶ...»

«በጥርሱ?» አሉ የሟቹ አጎት፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው።

«ፍጥነቱን ለመግለጽ ነው፣ ጋሼ። ቀበቶውን ፈትቶ ተወረወረ፤ መሪውን ከእጄ ነጥቆ ወደ ኮረብታው ጠመዘዘው። እኔን አዳነ፣ አውቶቡሱን አዳነ። ከተማውን አዳነ ብልም አላጋነንኩም!»

«ትናንት አውቶቡስ አልነበረም» አሉ አጎትየው። «ከትናንት ወዲያ ደግሞ ቦቴውም አልነበረም፤ የተበላሸ የጭነት መኪና ነው ያልከን።»

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀስ በቀስ ነው የሚያስታውሰው፣ ጋሼ።»

ሳሎኑን ሞልቶ እስከ ደረጃው የፈሰሰው ለቀስተኛ፣ ሺህ ባይሞላ ከሺህ የሚጎድለው ጥቂት ነው፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሬዲዮ የተባለው ማጥፊያ ስለሌለው ነው። የቀለም ፋብሪካው ሾፌሮች ናቸው ያወጡለት፤ አንዴ ከተከፈተ ባትሪው ካላለቀ አይዘጋም፣ ባትሪው ደግሞ አልቆ አያውቅም። በዚህ ለቅሶ ቤት ግን ከአፉም በላይ እግሩ አላርፍ ብሎታል። ቀኝ እግሩ ሦስት ቀን ሙሉ ምንጣፉን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። ምንጣፉ ሊበሳ ምንም አልቀረው። ይነሳል፣ በረንዳ ወጥቶ ይመለሳል፣ ወንበር ይቀይራል፤ እግሩ እዚያም ተከትሎት ይረግጣል።

«ወንድሜ» አለች ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው የሟች ሚስት። ድምፅዋ በለቅሶ ብዛት ሻክሯል። «መሪውማ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበት የለም? ቀበቶ መፍታት ለምን አስፈለገው?»

ሬዲዮ ሻዩን ፉት አለ። አላነቀውም፤ ግን ቶሎ አልወረደለትም።

ሦስቱንም ቀን ጥያቄዋ ይኸው ብቻ ነበር። የድርጅቱ የደኅንነት ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሪፖርቱ ቀበቶ አላሰረም ነበር ይላል» ብሏት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። «ሰው ይሞታል» ትላለች ለመጣው ሁሉ። «እሱ ግን መኪና ከግቢ ለማውጣት፣ ለሦስት ሜትር እንኳ የሚያስር ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲቆጣ ኖሮ በመጨረሻዋ ቀን ራሱ ፈታው? ለሌላው መካሪ፣ ለራሱ ዝርክርክ ነበር ሊሉት ነው።»

ስልሳ ስሙን ያገኘው ከፍጥነቱ ነው። በሰዓት ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ አያውቅም። አንድ ቀን የቆመ ብስክሌት ቀደመው ይላሉ ሾፌሮቹ። ከመነሳቱ በፊት መኪናውን ዞሮ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ መብራቱን በመሃረብ ይጠርጋል፣ ከዚያ መሪው ፊት ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። የሚቆጥረው የቀበቶ ድምፅ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «አንድ ይጎድላል» ካለ አንድ ይጎድላል። ዋና ሥራ አስኪያጁ አንዴ «እኔ አላስርም» ቢለው ሞተሩን አጥፍቶ ጋዜጣ ዘረጋ። እስከ ስፖርት ገጹ አነበበ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር፣ በጣም በቀስታ፣ ቀጭ አለ።

ስልክ ደግሞ ሲነዳ ወደ መሳቢያው ይገባል፤ መሳቢያውን «እስር ቤት» ነው የሚለው። ሬዲዮ ታዲያ ለእስር ቤቱ አንድ የሞተ አሮጌ ስልክ ያስረክብና ዋናውን በደረት ኪሱ ይዞ ይነዳ ነበር። በዚህም ሲኮራ! በዓለም ላይ ስልሳን የሸወደ እኔ ብቻ ነኝ ይል ነበር፣ ስልሳ በሌለበት።

ዓሣውም ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሬዲዮ አንድ ዓሣ አጥምዷል። ዓሣው ያኔውኑ ተጠብሶ ተበልቷል፤ ማደጉን ግን አላቆመም። በዓመት አንድ ስንዝር ይጨምራል። ስልሳ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሲረከብ «ዛሬስ ስንት ደረሰ?» ይለዋል። ሬዲዮ እጆቹን ይዘረጋል። ስልሳ የግራውን እጅ ያያል፣ የቀኙን ያያል፣ «በር ሰፋ አድርጉለት» ይልና ይሄዳል። ሰው የሚለውን ሁሉ የሚያምን ስልሳ ይህን ዓሣ አንድም ቀን አላመነም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ወደ ውስጠኛው ክፍል ብቅ ብሎ ነበር። ቁም ሳጥኑ ላይ ከሆስፒታል የመጣ ላስቲክ አየ፤ ውስጡ መነጽር፣ የእጅ ሰዓትና መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ። ስልኩን ሲያየው አወቀው። እጁ ላስቲኩ ላይ ሊደርስ ሲል ሚስትየው ከኋላው ደረሰች።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ውሃ።»

«ውሃው ሳሎን ነው ያለው።» ከዚያ ላስቲኩን አየችው። «ይኼ ስልክ የእሱ አይደለም። የእሱ ከመኪናው መሳቢያ መጥቶልኛል። ይኼኛውን ከእጁ ፈልቅቀን አወጣነው ነው ያሉኝ። የማን ይሆን?»

«የሰው ነዋ» አለ ሬዲዮ። በዕድሜው እንዲህ ያለ አጭር መልስ ሰጥቶ አያውቅም። የራሱ ስልክ ገደል መግባቱን ለለቀስተኛው ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል፤ የገደሉን ጥልቀት ጭምር።

እና አሁን፣ በሦስተኛው ቀን፣ አውቶቡሱ ላይ ሰው ሊጨምርበት አፉን ሲከፍት በሩ ተከፈተ። የፋብሪካው የላቦራቶሪ ባለሙያ ገባች፤ አንገቷ በመደገፊያ ታስሯል፣ ግንባሯ ላይ ፕላስተር አለ። በዚያች ዕለት ከኋላ ወንበር የቀለም ናሙና ታቅፋ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ከሆስፒታል የወጣችው በዚሁ ቀን ጠዋት ነው። ሚስትየውን አቅፋ አለቀሰችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንቺም አብረሽ ነበርሽ አሉ» አሏት አጎትየው። «እስቲ ንገሪን ልጄ፣ ያ አውቶቡስ ስንት ሰው ይይዛል?»

«የቱ አውቶቡስ?»

«ደክሟታል ጋሼ፤ አታናግሯት» አለ ሬዲዮ ተነስቶ። «ጭንቅላቷን ተመታለች እኮ! ሻይ ስጧት። ትራስ አምጡላት። በሩንም ዝጉት፣ ብርድ አይግባባት!»

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ» አለች ሚስትየው፤ ዓይኗ ከልጅቷ አልተነሳም። «ቀበቶውን ለምን ፈታው?»

ባለሙያዋ ድምፅዋን አላነሳችም። የደረጃው ላይ ሰዎች ለመስማት ወደ ውስጥ አንገታቸውን አሰገጉ።

«አውቶቡስ አልነበረም። ሌላም መኪና አልነበረም። መንገዱ ባዶ ነው፤ መታጠፊያ ብቻ ነበር። ሁለት ሰዓት ከተነዳ በኋላ እንደ ደንቡ ተቀያየሩ። ስልሳ ጎን ተቀመጠ፣ ይኼ መሪውን ያዘ። ስለ ዓሣው እያወራን ነበር። እኔ ነኝ የሳቅኩት። 'ይኼንንማ አላምንም' አልኩት። 'ፎቶው አለኝ፣ ላሳይሽ' ብሎ ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ።»

ሬዲዮ ወለሉን ያያል።

«ያኔ ስልሳ 'አምኜሃለሁ፣ አስቀምጠው' አለው። ሦስት ጊዜ ነው ያለው። 'አምኜሃለሁ። ልክ እንዳልከው ነው። አስቀምጠው።' ስልኩ አመለጠው። ከፍሬኑ ሥር ገባ፤ ፍሬኑ አልረገጥ አለ። መታጠፊያው ደርሷል። ከዚያ ቀበቶው ሲፈታ ሰማሁት። ቀጭ አለ። ጎንበስ ብሎ ስልኩን ነቅሎ አወጣው። ፍሬኑ ያዘ፤ መኪናው ዞሮ ከኮረብታው ጋር ተላተመ።» የአንገቷን መደገፊያ በእጇ ነካች። «እኛን ቀበቶው ያዘን።»

የሬዲዮ እግር ምንጣፉን እንደረገጠ ቀርቷል፤ አልተነሳም።

«እንደሱ ነው?» አለችው ሚስትየው።

ሬዲዮ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«አውቆ ነው የፈታው ማለት ነው» አለች ለራሷ ያህል። ትንፋሿን ለቀቀች፤ ከሦስት ቀን በፊት የሳበችውን ትንፋሽ ይመስል ነበር። «አውቆ ነው።»

ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ስልኩን ይዛ ተመለሰችና ከሬዲዮ ፊት ቆመች። ሁሉም ስድብ ጠበቀ። እሱም ጠበቀ።

«ዓሣው ግን» አለችው፣ «እውነት ስንት ያህል ነበር?»

እጆቹ በአሥራ አንድ ዓመት ልማድ ተዘረጉ፤ ግራው የአጎትየውን ትከሻ እስኪነካ፣ ቀኙ ግድግዳው ላይ እስኪደርስ። እዚያ ቆዩ። ከዚያ መቀራረብ ጀመሩ። አንድ ክንድ ሆኑ። ግማሽ ክንድ። አንድ ስንዝር። ከስንዝርም አነሱና ደረቱ ፊት ቆሙ።

ሚስትየው ስልኩን በሁለቱ መዳፎቹ መካከል አስቀመጠችለት። ልክክ አለ።