ቁርጥ ማንን

…እና አንዳቸውም አይሉትም፣ ከገቡ ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው፣ አማቴ ሕፃኑን ታቅፋ ሊገዙት እንደሚያዩት ጨርቅ ታገላብጠዋለች፣ ጣቶቹን፣ ጆሮውን፣ የእግሩን መዳፍ፣ ጤነኛ ነው ትላለች፣ ጸጉሩ ደግሞ ሲበዛ ትላለች፣ እሺ፣ ጸጉሩ የማንን ይመስላል፣ በይ እንጂ፣ አፍሽ ላይ ደርሶ ለምን ትውጪዋለሽ። በአፌ እርስዎ ነው የምላት። በልቤ ዛሬ አንቺ ናት።

ሰው አራስ ሊጠይቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ቁርጥ አባቱን። ይህን ደግሞ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ የሰውን ባሕርይ ከጥንት አመጣጡ፣ በየዓመቱ፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ። ሴቷ ከሆዷ ወጥቷልና የራሷ መሆኑን ታውቃለች፣ ወንዱ የሚያውቀው በእምነት ነው፣ ስለዚህ የእናት ወገን ቀድሞ አባቱን ይመስላል ይላል፣ አውቆ አይደለም፣ የሚዋሽም አይመስለውም፣ አባትየው እንዳይሸሽ፣ አድኖ እንዲመለስ፣ ከዋሻ ዘመን የመጣ ማባበያ ነው። ተማሪዎቼ ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር።

የኔን ልጅ ግን ማንም አላባበለበትም።

ሚስቴ አልጋው ላይ ተደግፋለች፣ ራስጌዋ አበባ አለ፣ ግማሹ በተቆረጠ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ፣ ያ ረጅሙ የሥራ ባልደረባዋ ያመጣው፣ እሷ መሬት ቀያሽ ናት፣ እሱ ማዶ ሄዶ ቁጥር የተጻፈበትን ዘንግ ይዞ የሚቆምላት ነው፣ እሷ በመለኪያው መነጽር ታየዋለች፣ ቀኑን ሙሉ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ትለዋለች፣ ቀጥ በል ትለዋለች፣ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍላት እሱን እንድታይ ነው። ቅናት የጭስ ደወል ነው ብዬ አስተምራለሁ፣ አንዲት እሳት ከምታመልጠው መቶ ጊዜ በከንቱ ቢጮህ ይሻለዋል፣ ያምራል አይደል፣ ሰሌዳ ላይ። ደወሉ ጭንቅላትህ ውስጥ ሲጮህ ግን የሚያምር ነገር የለውም።

ጋሽ ዝንጀሮ፣ ምነው ዛሬ ጸጥ አልክ፣ ይህች የሚስቴ ታናሽ እህት ናት፣ ስሙን ያወጣችልኝም እሷ፣ ስለ ዋሻው አትነግረንም እንዴ። ጸጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ እላለሁ። እናትና ልጅ ይተያያሉ። አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው፣ ይሄ ግን ነቅዟል፣ ዱቄቱ እዚሁ ፊቴ ይረግፋል።

ኪሴ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ ቀጭን እንጨት አለ፣ ጫፉ ጥጥ፣ ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ ለዘር ምርመራ የሰጠኝ፣ የጉንጩን ውስጥ እሽት አድርገህ አምጣ፣ ይበቃል፣ ግን አንተ ሰውዬ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ለትምህርት ነው፣ የምን ትምህርት፣ ተወኝ እስቲ።

በሉ ትረፍ፣ ይላሉ፣ ይስማሉ፣ ይወጣሉ። ሚስቴ ቀስ ብላ ትነሳለች፣ እስክታጠብ ያዘው፣ አንገቱን ደግፍ፣ እንደ መጽሐፍ አትያዘው። በሩ ይዘጋል። ውሃው ይወርዳል። አሁን።

ላስቲኩን በጥርሴ እቀድደዋለሁ። ጥጡ ጉንጩን ሲነካው ፊቱን ወደ ጥጡ ያዞራል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጡት መስሎታል፣ ደመ ነፍስ ነው፣ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፣ ይጠባል፣ ደረቅ ጥጥ ይጠባል፣ እኔም እፈቅድለታለሁ፣ አባት ተብዬው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ፣ ታናሽዋ ናት፣ ጃንጥላዬን ረስቼ ትላለች፣ እንጨቱን መዳፌ ውስጥ እጨብጠዋለሁ፣ ጎንበስ ብላ ሕፃኑን ታየዋለች፣ ወደ መታጠቢያው በር ትዞራለች፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። እኔስ አልቻልኩም፣ ይህ ግንባር፣ ይህ የኩርፊያ ከንፈር፣ ቁጭ አንተን እኮ ነው፣ እሷ ናት አፋችንን የዘጋችው፣ ልጁ ሳይወለድ፣ ያን ቀን ምሳ ላይ፣ አንተ እማዬን፣ አባቱን ይመስላል የምትሉት ለማባበል ነው አላልካትም እንዴ፣ እማዬ እኮ ጉርሻዋን መልሳ ተነሳች፣ እኔ በዕድሜዬ ወንድ አባብዬ አላውቅም ብላ፣ ከዚያ እህቴ፣ ማንም አባቱን ይመስላል እንዳይል፣ ራሱ አይቶ ይበለው አለች። አልነገርኩህም፣ እሺ። ጃንጥላዋን ይዛ ሄደች።

እና ደስ ሊለኝ ነው። አይደለም፣ ቆይ፣ ይሄስ ማባበያ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ፣ ካሉ ለማባበል፣ ዝም ካሉ ለመደበቅ፣ ዝም ያሉበትን ካስረዱ ይበልጥ ለማባበል፣ ለነሱ ያጠመድኩት ወጥመድ መውጫ የለውም፣ ውስጡ የተገኘሁት ደግሞ እኔ። ራሱ አይቶ ይበለው። አይቼዋለሁ እንዴ። ከጠዋት ጀምሮ ያየሁት የነሱን አፍ ነው። አየዋለሁ። ያበጠ፣ የቀላ፣ የተናደደ ሽማግሌ። ማንንም አይመስልም።

ውሃው ቆሟል።

እጅህ ውስጥ ምንድን ነው። ምንም። ክፈተው። ፎጣ ጸጉሯ ላይ ጠምጥማ ቆማለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ርቀት ስትለካ እንደምታደርገው፣ አትጮህም፣ ብትጮህ በተሻለኝ። አፉ ውስጥ አስገባኸው። ስማ፣ ወይ እዚያ ቅርጫት ውስጥ ጣለው፣ ወይ ይዘኸው ሂድ፣ ኪስህ ውስጥ አድርገህ ግን እኔና ልጄ አጠገብ አትቀመጥም።

ልጄ አለች። ልጃችን አላለችም፣ ሰማህ፣ ዝም በል አንተ ደወል።

ልትወስደው እጇን ትዘረጋለች፣ ሕፃኑ የሸሚዜን ኮሌታ ይዟል፣ ጣቱን አንድ በአንድ ትፈታዋለች፣ ይህ አያያዝ እናቶች ጸጉራም ከነበሩበት ዘመን የቀረ ነው፣ የያዘውን አይለቅም፣ ጥቂት ወር ቆይቶ ይጠፋል ብዬ አስተምራለሁ፣ አዋቂ ላይ አይገኝም ብዬ። በእግር የሚከፈተውን የቅርጫቱን ክዳን እረግጣለሁ። ይከፈታል። እጄን ከላዩ አደርጋለሁ፣ ጥጡ መዳፌ ውስጥ እርጥብ ነው፣ እሷ ታያለች፣ ልቀቅ እለዋለሁ እጄን፣ ልቀቅ እንጂ፣ ጣቶቼ…